ፊቱ ወደ ኋላ የዞረው ወንበር

ድርቤ ነቀምት ውስጥ አንቀልባ መስፋት ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። የሰፋችውን ሳትፈትን ለማንም አትሰጥም። ልጅ የሚያህል የበቆሎ ከረጢት አዝላ ከጓሮዋ ያለውን ቦይ ሦስት ጊዜ ትዘላለች፤ ከረጢቱ ካጋደለ ስፌቱን ትፈታለች። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል፣ እሷ ግን ትዘላለች።

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ልጇ ቀለሟ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ባለችው አኖ ከተማ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ክረምቱ መንገዱን ስለቆራረጠው አውቶቡስ ከቆመ ሰንብቷል። የስዊድኑ ሐኪም ባለቤት ወይዘሮ ኢንገር ግን ከሕፃን ልጃቸው ጋር አገራቸው ሊሄዱ አዲስ አበባ ድረስ በመኪና ይወርዳሉ፤ ድርቤንም አኖ ሊያደርሷት ቃል ገብተዋል።

በጉዞው ዋዜማ ጠዋት ሾፌራቸው ጨመዳ መኪና ውስጥ የምትታሰር አንዲት ትንሽ የሕፃን ወንበር ታቅፎ መጣ።

«አዴ ድርቤ፣ ማሰሪያውን አይጥ በላው። ወይዘሮ ኢንገር ያለዚህ ልጁን መኪና ላይ አላወጣም ብለዋል።»

«እቅፍ የላቸውም?»

«እኔም እንዲሁ አልኳቸው። ፍሬን ሲያዝ እቅፍ አይችለውም አሉኝ።»

ወንበሯን ጭኗ ላይ አድርጋ አገላበጠቻት። እግሯ የብረት ቱቦ፣ መደገፊያዋ ስፖንጅ ነው። መቆለፊያዋ ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ ይከፈታል፤ ድርቤ ደጋግማ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ወንበሯ ካልተሠራች ነገ መንገድ የለም፤ የልጅ ልጇንም አታይም። ወስፌዋን አነሣች፤ የተበላውን ሸራ በጠፍር ደርባ ሰፋችው።

ከሰዓት በኋላ ጨመዳ ወንበሯን መኪናው ውስጥ ከፊት ሲያስር መደገፊያዋን ወደ መንገዱ፣ ፊቷን ወደ ኋላ አዞረው።

«ልጁ መንገዱን በምን ያያል?» አለች ድርቤ።

«እኔንም ይገርመኛል። ወይዘሮዋ ተሳስተው ይሆናል እያልኩ እንዳሉኝ አስራለሁ።»

«እንግዲያው አዙራት።»

አዞራት። ድርቤ ከረጢቷን በወንበሯ ላይ አስቀምጣ አሰረች፤ ጨመዳ ቁልቁለቱን ነዳና ድንገት ፍሬን ያዘ። ስፌቱ አልተነቃነቀም። የከረጢቱ አናት ግን በማሰሪያው ላይ ተደፍቶ ታጥፏል። ድርቤ ትክ ብላ አየችው፤ አናት ማለት የልጅ ጭንቅላት ነው።

ወይዘሮ ኢንገር ከሆስፒታል ሲመለሱ ደረሱባቸው። አልተቆጡም። ወንበሯን መልሰው አዞሩ፣ ከረጢቱን አስቀመጡና ጨመዳን «ድገመው» አሉት። ፍሬኑ ሲያዝ ከረጢቱ መደገፊያውን ተጠግቶ ቀጥ እንዳለ ቀረ።

«ጀርባው ይቀበለዋል» አሉ በተሰባበረ ኦሮምኛ።

ድርቤ እጇን ወደ ኋላ ልካ የራሷን ጀርባ ዳሰሰች። በአንቀልባ ያዘለቻቸው ልጆችም መንገዱን አላዩም፤ ስትደናቀፍ ፊታቸው የሚያርፈው እዚያ ነበር።

«ይኸው አንቀልባ ነው እኮ» አለችው ጨመዳን። «የእኛው ይራመዳል፣ የእነሱ ይነዳል።»

በማግስቱ ከኋላ ተቀመጠች። ሕፃኑ ፊት ለፊቷ ሆኖ አኖ እስኪደርሱ አፍጥጦ አያት፤ እሷም በየጉድጓዱ ጠፍሯን እያየች ሄደች። አንድም ክር አልላላም።

ቀለሟ በር ላይ ጠበቀቻት። ድርቤ አዲሱን አንቀልባ ከቅርጫቷ አወጣች።

«ስጪኝ፣ ልጁን ላዝልበት፣ እማ።»

«ቆይ» አለች ድርቤ ወደ ጓሮው እየተመለከተች። «በቆሎ አላችሁ?»