ምላስ ላይ የቀረ አፈር

ዘርፈሽ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሆና ጭቃ ነክታ አታውቅም። የከለከለቻት እናቷ ናት። ወደ ጭቃው ዝር ስትል፣ "ሂጂልኝ ከዚህ! ይኼ በእኔ ይብቃ" ትላት ነበር። በአገራቸው የሸክላ ሠሪ ዘር ቡዳ ነው ይባላል። ድስቷን ይገዟታል፣ ልጃቸውን ግን ከዓይኗ ይሸሽጋሉ። እናት ገበያ ስትሄድ አንገቷን እንደ ደፋች ሄዳ፣ እንደ ደፋች ትመለሳለች።

ዘርፈሽ ተሰዳ ካምፓላ ስትገባ "የገበሬ ልጅ ነኝ" አለች፣ በዚያው ኖረች። እርጅና ሲመጣ ግን ያ የተከለከለችው ነገር አማራት። ሜንጎ ኮረብታ ላይ ናሉቤጋ የምትባል ሴት ለሰፈሩ ሰው ሸክላ ታስተምራለች ሲባል ሰማች። ብቻዋን መሄድ ፈርታ ጎረቤቷን አክበረትን ጎተተቻት። አክበረት እንደ እህቷ ናት፤ የአክበረትን የልጅ ልጅ፣ ናፍቆትን፣ አዝላ ያሳደገቻት ዘርፈሽ ናት።

"በስተርጅና ቡዳ ልታስብይኝ ነው?" አለች አክበረት ታክሲ ውስጥ። ዘርፈሽም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

ለናፍቆት ትንሽ የውኃ መጠጫ ልትሠራላት ነበር ሐሳቧ። ናሉቤጋ ጭቃውን አካፈለቻቸው። ሽታው የእናቷ ቀሚስ ሽታ ነው። ዘርፈሽ ሳታስበው ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ጣል አደረገች፤ በፊት ጥርሷ ፈጭታ ቱፍ አለችው። እናቷ አፈር ስትመርጥ እንዲህ ታደርግ ነበር። ምኑን እንደምትለይበት ግን ዘርፈሽ አታውቅም።

የአክበረት እጅ ጭቃው ላይ ቀረ።

"አንቺ ዘርፌ! ይኼን ከማን አየሽ?"

"ምኑን?"

"አፈር መቅመሱን ነዋ! እንዲህ ሲያደርጉ የማውቀው የእኛን አገር ሸክላ ሠሪዎች ነው።"

"አምሮኝ ነው እባክሽ፤ ሳላረግዝ አልቀረሁም!"

አክበረት አልሳቀችም። ሲወጡም ራሴን አመመኝ ብላ ብቻዋን ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይዛ ሄደች።

እሑድ ዘርፈሽ ልትጠይቃት ገባች። ናፍቆት ልትጠመጠምባት ስትሮጥ አክበረት ቀድማ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠቻት።

"ተያት፣ ጉንፋን ይዟታል።"

ጉንፋን የለባትም። አንገቷ ላይ ግን ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በጨርቅ ተቋጥሮ ታስሮላታል። ዘርፈሽ ያን ቋጠሮ ታውቀዋለች። በልጅነቷ እናቷ ባለፈችበት ደጅ ሁሉ፣ በልጆች አንገት ላይ ታየው ነበር።

ትምህርቱን ብቻዋን ጨረሰች። በሚተኮስበት ቀን ናሉቤጋ ሸክላው ላይ የተከመረውን ሣር ለኮሰችው፤ ጥቂት ቆይቶ ከእሳቱ ውስጥ ጧ! የሚል ተሰማ። ከሁሉም የፈነዳው የዘርፈሽ፣ ለናፍቆት የሠራችው መጠጫ ነው።

"አይዞሽ ጃጃ፣ ሳይደርቅልሽ ቀርቶ ነው። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው" አለቻት ናሉቤጋ፣ በአገሯ ወግ አያቴ ብላ እየጠራቻት።

"አየሽ እማዬ፣" አለች ዘርፈሽ ገሉን እየለቀመች፣ ለራሷ በአማርኛ፣ "እጅሽን ነፍገሽኝ ስምሽን ተውሽልኝ።"

ወደ ቤቷ ስትመለስ የአክበረት በር ገርበብ ብሏል።

"ዘርፌ! ዘርፌ መጣች!" የናፍቆት ድምፅ ነው።

ዘርፈሽ ቀና አላለችም። ልጅቷን እንዳታያት አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን መሬት መሬት አድርጋ አለፈች። እናቷም ከገበያ ስትመለስ እንደዚያ ነበር የምትሄደው።