በመጫኛ ታስሬ ያነሳሁት ደመና

ገደሉ አፋፍ ላይ ሰባት ሰዎች ነበርን። ያሳደሩኝ አቶ ደምሴ ከፊቴ፣ በጫፉ በኩል ቆመዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ በቀኜ ሆነው ክንዴን ይዘዋል። የበግ ጠጉር ባናቸውን የተከናነቡ ሦስት ጎረቤቶች ከአቶ ደምሴ ጎን ተደርድረዋል። ሾፌሬ ካሳሁን ከኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። እኔ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መሐል ቆሜያለሁ። ከሁላችንም በታች ደመናው ተኝቷል።

የመጀመሪያው ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ከደብረ ብርሃን ስንነሳ የመኪናው መስታወት ላይ አመዳይ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን።

«እትዬ፣ ደመናው ይኸው! እዚሁ ያንሱና እንመለስ» አለኝ ካሳሁን፣ እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሳ።

«ከላይ ሆኜ ነው የምፈልገው» አልኩት።

በመንዝ ገደል ጫፍ አንዳንድ ጠዋት ደመናው ቆላውን ሞልቶ ከእግር በታች ይተኛል። ካቻምና መጥቼ ጉሙ ገደሉን ራሱን ሸፍኖት ተመለስኩ። አምና ስደርስ ፀሐይ በትናው ጠበቀችኝ። ጉልበቴ አራተኛ ጉዞ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ለካሳሁን አልነገርኩትም።

ረፋድ 4 ሰዓት

ሞላሌ ገበያ ቆሟል። በግ፣ ባና፣ ገብስ፣ በብርድ የቀሉ ጉንጮች። ሽሮ በልተን ቀጠልን። መንገዱ ሲያልቅ መኪናውን አቁመን አንድ ሰዓት በእግር ሄድን፤ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብዬ አረፍኩ።

ለማደር ቤታቸው ስንደርስ፣ ወይዘሮ አስካለ የመጣሁበትን ምክንያት ሰምተው ባለቤታቸውን አዩ። «ደመና ለማየት? እኛ እኮ እሱ ሲመጣ በር ዘግተን ነው የምንቀመጠው!»

ሁለተኛው ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ሰማዩ ጥርት ብሏል። ገብስ ለመጫን የወጡ ጎረቤቶችም ተከተሉን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ለካሳሁን «ደመናው አለ! አለ!» ብዬ ጮህኩ። እስከ አድማስ ድረስ ነጭ ነው። ከውስጡ የሚታዩት የሁለት ተራሮች ራስ ብቻ ናቸው።

ካሜራዬን አነሳሁ። የአቶ ደምሴ ትከሻ ገባ። ወደ ግራ ዞርኩ፤ የጎረቤታቸው ባና ገባ። በዚህ አገር እንግዳ በገደል በኩል አይቆምም፤ ያሳደረው ሰው በዚያ በኩል ሆኖ ይጠብቀዋል።

«አቶ ደምሴ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሉልኝ።»

«እንግዳ ገደል አፍ ላይ አቁሜ እኔ ከኋላ? አገር ምን ይለኛል?»

«ሰማዩን ሸፈኑብኝ እኮ!»

«ሰማይ ሰፊ ነው፤ በዚያ በኩል ያንሱት።»

ምሥራቁ ቀላ። ፀሐይ ከወጣች ደመናው ብዙ አይቆይም። «ሦስት ዓመት የተመላለስኩት ለዚህ ነው» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ክንዴን ለቀው ከአንዱ ጎረቤት ትከሻ ላይ መጫኛውን ወሰዱ፤ ገብስ በአህያ የሚጭኑበት የቆዳ ጠፍር ነው። «በቃ እንሰራቸው» አሉና ወገቤን ሁለት ጊዜ ጠመጠሙት።

«እትዬን የገበያ ላም አስመሰሏቸው!» አለ ካሳሁን።

«ላምማ ዝም ብላ ትቆማለች» አሉ፣ ቋጠሮውን እያጠበቁ።

አቶ ደምሴ ከኋላዬ ተቀምጠው ተረከዛቸውን ድንጋይ ላይ ተከሉ፤ የመጫኛውን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠቀለሉ። ጎረቤቶቹም ከኋላቸው ያዙ። «አሁን ይሂዱ» አሉኝ አቶ ደምሴ።

ሄድኩ። ከፊቴ ማንም የለም። የደመናው ጫፍ መጀመሪያ ብርቱካን መሰለ፣ ከዚያ ወርቅ፤ ጥላው ሰማያዊ ነው። አነሳሁ፣ አነሳሁ። ትንሽ ዘንበል ስል መጫኛው ወገቤን ጎተተኝ።

«በቃ! ደመናው ከቆሙበት ይታያል!» ጮኹ አቶ ደምሴ።

ፀሐይዋ ሙሉ ስትወጣ ደመናው ተቀደደ፤ በቀዳዳው የቆላው እርሻ ታየ። እሱንም አነሳሁ።

ረፋድ 3 ሰዓት

ቋጠሮው ከተፈታ በኋላ ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። አቶ ደምሴ አንዱን ረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔ የለሁበትም» አሉ።

«እርስዎ መጫኛውን ይዘው ነበር።»

«ልክ ነው» አሉና ካሜራውን መለሱልኝ።

እስከ መኪናው ሸኙኝ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ በግራ በኩል አንዲት ትንሽ የውሃ ቦይ ብቻ አለች። አቶ ደምሴ እስከ መጨረሻው በቦይዋ በኩል ሄዱ። ተሳፈርኩ።