የማንም ያልሆኑ ስሞች

ትናንት ልጄ ክንፍ ያለው ዘንዶ የተሣለበት መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ይዛ መጣች። ስገልጠው የሙጫ ሽታ ሸተተኝ፤ ሳላስበውም ጣቴ በመስመሮቹ መሐል ስም መፈለግ ጀመረ። ይህን አመል ከማን እንደ ወረስኩት ልንገርህ።

ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፕላዝማ ቴሌቪዥን በገባበት ዓመት እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ የተረት መጽሐፍ ተዋስኩ። ሐይቅ ውስጥ የሚኖር ጠንቋይ ምስጢራዊ ስሞች እየጠራ አንድ ልጅ ይወስዳል፤ እኅቱ ፍለጋ ትወጣለች። አባቴ የቅኔ መምህር ነበር። ከኋላዬ ቆሞ ስሞቹን አየና መጽሐፉን ከእጄ ወሰደው።

"ያቃጥለው ይሆን?" ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

"ፈርተው ነው" አለችኝ። "አጎትህም፣ የአባትህ ወንድም፣ ከመጽሐፍ ነው የጀመረው። የአስማት ስም ሲደግም አእምሮው ተነካ፤ ወደ ቡሬ ሲሄድ ታየ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። አባትህ ሦስት ቀን ፈለጉት፤ መኸር ደረሰባቸውና ተመለሱ።"

አባቴ ተማሪዎቹን እያሰናበተ፣ ከሰዓት በኋላ ደጃችን ካለው ግራር ሥር እየተቀመጠ አነበበው። ስም ባገኘ ቁጥር በቀይ ቀለም ቁራጭ ብራና ላይ ይጽፈዋል፤ በለሆሳስ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ያነበዋል፤ ከዚያ ይሰርዘዋል። ዐሥራ አንድ ስም ነበር።

በአራተኛው ቀን መጽሐፉን መለሰልኝ።

"እነዚህ የማንም ስም አይደሉም። ጸሐፊው ከልቡ ያወጣቸው ናቸው። አንብብ።"

ሊሄድ ብሎ ቆመ።

"ልጅቱ ግን ወንድሟን ሳታገኝ ነው የተመለሰችው። ተከታይ የለውም?"

"እጠይቃለሁ፣ አባ።"

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መደርደሪያውን ሁሉ አየችልኝ። አመሻሽ ላይ ስመለስ አባቴ ብርዑን በጨርቅ ይጠርግ ነበር።

"የለውም አሉኝ፣ አባ።"

ብርዑ ከጸዳ በኋላም መጥረጉን አልተወም።

"ሐይቁ ዳር ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት" አለ። "ቶሎ ተመለሰች።"

በማግስቱ ትምህርት አልነበረም። ተማሪዎቹ ሲመጡ እናቴ ደጅ ወጥታ "የኔታ ቡሬ ሄደዋል" አለቻቸው። በስምንተኛው ቀን፣ እግሩ አብጦ፣ ብቻውን መጣ። እናቴ ውኃ አሞቀችለት፤ እግሩን እኔ አጠብኩት።