በማመልከቻ ተወልዶ በማመልከቻ የሞተው ቴክኒሻን

ማመልከቻ ጸሐፊው ጎበጥ ብሎ ስለሚሄድና ወሬ ጀምሮ ስለማይጨርስ ሰፈሩ «ነጠላ ሰረዝ» ይለዋል። ከውሃ መሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከአንድ የተቀደደ ጃንጥላ ሥር፣ የጽሕፈት መኪናውን ዘርግቶ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። የጻፈው ሁሉ «ጉዳዩ፦» ብሎ ይጀምርና «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ያበቃል።

አንድ ቀን የገዛው ምስማር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሲያቃና የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ሆኖ አገኘው። ስለ ልብ ወለድ ነው። ሮጦ ወደ ሱቁ ተመለሰና የቀሩትን ገጾች ለቃቀመ፤ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት፣ ልብ ሰቀላ። አንብቦ ሲጨርስ አንገቱን ደፋ። ለካ ዕድሜውን የፈጀው ግጭት የሌለው ነገር ሲጽፍ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የመጣችው የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ታላቅ እህቱ ሆነች። የክሊኒክ አንሶላ አጣቢ ናት። ቧንቧዋ ከደረቀ አምስት ቀኑ ነው፤ ክሊኒኩ ደግሞ «እስከ ዓርብ ካላደረስሽ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን» ብሏታል።

«ቧንቧዬ ደርቋል ብለህ ጻፍልኝ» አለችው።

«እሱ ወሬ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም፣ እትዬ። ከማን ጋር ተጋጨሽ?»

«ካንተ ጋር ልጋጭ ነው።»

«ተቃራኒ ገጸ ባሕርይ ያስፈልገናል።»

«እኔን የሚያስፈልገኝ ውሃ ነው።»

እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቧንቧዋን የዘጋ አንድ የመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን ፈጠረ። አንድ ዓይኑ መስታወት፣ እጁ ላይ መፍቻ፣ ሆዱ ውስጥ ቂም። መቼቱን፣ ማለትም ነገሩ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ፣ «በጭጋጋማ ማለዳ፣ ከግቢው ጀርባ» አደረገው። የመጀመሪያውንም ገጽ «ቴክኒሻኑ መፍቻውን አነሳ፤ ከዚያም...» ብሎ ቆረጠው። አንባቢን ልቡን መስቀሉ ነው።

በዚያ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ማኅተም ይመታበታል እንጂ አይነበብም። ይሄኛው ግን ከመዝገብ ቤት እስከ ግዢ ክፍል ከእጅ እጅ ዞረ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ቴክኒሻኑን የማይጠላ ሠራተኛ ጠፋ። ኃላፊው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አቋቋሙ።

ማክሰኞ መጥሪያ ወጣበት፤ አልቀረበም። ረቡዕ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፤ አሁንም የለም። «ንቀቱን እዩልኝ» አሉ ኃላፊው። የግል ማኅደሩ ተፈልጎ ሲታጣ «ሌባ፣ ይዞት ሄዷል» ተባለ። ቧንቧውስ? ተከሳሹ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ማስረጃ ስለሆነ እንዳይነካ ተወሰነ።

ሐሙስ ጠዋት እህቱ እጅጌዋን ጠቅልላ መጣችና ነጠላ ሰረዝን እየገፋች ኃላፊው ቢሮ አስገባችው።

«ጌታዬ፣ ሰውየው የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አለ።

«እንደሌለማ እናውቃለን» አሉ ኃላፊው። «ቢኖር መጥሪያ ምን ያስጽፈን ነበር?»

«በጭራሽ ኖሮ አያውቅም ማለቴ ነው።»

«እሱን ቀርቦ ራሱ ያስረዳ።»

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ደንቡን ገለጠች። ፋይል የሚዘጋው ተከሳሹ ሲቀርብ ወይም ሲሞት ብቻ ነው።

እህቱ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ግደለው።»

ነጠላ ሰረዝ ወደ በሩ አፈገፈገ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ በዕድሜው የፈጠረው ሰው ይኸው አንድ ቴክኒሻን ነው። ወደ ቴክኒሻኑ ልጅነት መለስ ብሎ ቂሙ ከየት እንደመጣ ሊጽፍለትም አስቦ ነበር።

«እትዬ፣ ሰው እንዲህ በድንገት አይሞትም፤ ሴራው ይላላል። ቢያንስ ሦስት ገጽ...»

«ነገ ዓርብ ነው» አለች።

እጇን አየው። ሁልጊዜ ከውሃ የማይወጣው እጅ በደረቀ በሳምንቱ ተሰነጣጥቋል። ወደ ጃንጥላው ወጣና «ቴክኒሻኑ ዛሬ ጠዋት ሞቷል» ብሎ ጻፈ። ሌላ ቃል አልጨመረበትም።

ኃላፊው ሲያነቡት ከወንበራቸው ተነሡ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ተናፈጠች። «ምንም ቢሆን ባልደረባችን ነበር» አለች። ፋይሉ ተዘጋ። እኩለ ቀን ላይ እውነተኛ ሠራተኛ መጥቶ ቧንቧውን ፈታታው፤ የዘጋው ዝገት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግቢው በአንሶላ ተሞላ። እህቱ የእርጥቡን አንሶላ አንድ ጫፍ ይዛ ሌላውን አቀበለችው። እሱ ይዞት ፈዞ ቀረ።

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

«እናቱ ማን እንደሆነች እንኳ ሳልጽፍለት ሞተ።»

እህቱ አየት አደረገችው፤ ከዚያ ጫፏን ወደ ቀኝ ማዞር ጀመረች።

«እየጠመዘዝክ ንገረኝ» አለችው። «ስልሳ አንሶላ ይቀረናል።»