ባሕር የጠጣው የሙሽራ ልብስ

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ ወልድያ ካለው ሱቄ በር ላይ ቆማ በስልኳ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ዙሪያውን በቢጫ ፕላስተር የታሸገ ትልቅ ካርቶን ነው። እህቷ ከጅዳ በመርከብ የላከችላት ልብስ ነው። "ጅቡቲ ደርሷል አሉኝ" አለች ፊቷ በርቶ። "እንኳን ደስ ያለሽ" አልኋትና ወደ ውስጥ ገባሁ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ በመርከብ ስለመጣ ልብስ ሲወራ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

በወጣትነቴ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ኢብራሂም ሊያገባ መሆኑን ስሰማ፣ የጥሎሹን ልብስ የምልከው እኔ ነኝ ብዬ አስነገርሁ። የታጨችለት ሐሊማ የመርሳ ልጅ ናት፤ አባቷ ሼህ ይማም የተከበሩ ሰው ነበሩ። ግራና የምትባል ገጠር ያለው የኛ ቤት ደግሞ ከማሽላ ማሳና ከጥቂት ብርቱካን ዛፍ በቀር ለሰው የሚያሳየው አልነበረውም። ስለዚህ ያ ልብስ የቤታችን ፊት ነበር።

አርብ አርብ፣ በማርፍበት ቀን፣ የሌላ ሰው ቤት እያጠብሁ ገዛሁ። ወርቅማ ክር የገባበት አረንጓዴ የሐር ቀሚስ፣ አንድ ጣቃ ቀይ ከፋይ፣ ለእናቴ ሻርፕ፣ ለወንድሜ ነጭ ጀለቢያ። ወደ አገር ቤት የሚላከውን ዕቃ የሚቀበለው የደሴ ልጅ ነበር። "በአውሮፕላን ከሆነ ሒሳቡ በኪሎ ነው፤ በመርከብ ግን በካርቶኑ ነው። እስኪበቃሽ ጠቅጥቂ" አለኝ። በጉልበቴ ተጭኜ ጠቀጠቅሁት። "ባሕሩስ?" ስለው፣ "ዓሣ ልብስ አይለብስም፣ አትስጊ" ብሎ ሳቀ። ካርቶኑ ከሌሎቹ መሀል ሲገባ ሳይ፣ እኔም አብሬው አገሬ የምገባ መሰለኝ።

ሰርጉ አለፈ። እናቴ መርሳ ስልክ ቤት ወርዳ ስታነጋግረኝ፣ "ለሐሊማ ሆነላት?" አልኋት።

"ልክክ ነው ያለላት፣ ከድጃዬ! ሰዉ ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ።"

ፎቶ ላኩልኝ ስላቸው ፊልሙ ተቃጠለ አሉኝ። ቅር ቢለኝም አመንሁ። ከዚያ ወዲህ እመቤቴ በጮኸችብኝ ቁጥር፣ ሐሊማ በአረንጓዴው ቀሚስ ከሰው መሀል ቆማ እየታየችኝ ዝም እል ነበር።

አገሬ የተመለስሁት በጥቅምት ነው። ማሽላው ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ራሱን ደፍቶ ቆሟል፤ የእሸት ጥብስ ሽታ በመኪናው መስኮት ይገባል። እናቴ በግ አሳርዳ ዘመድ ጎረቤቱን ጠራች። ከመርሳም ሼህ ይማምና የሐሊማ አክስት እመት ዘሃራ መጡ። ዱዓ ተደረገልኝ፤ ተመረቅሁ። ምርቃቱ ሳያሰክረኝ አልቀረም መሰል፣ አንዲት ጎረቤት ለልጇ ሰርግ ከወልድያ ገበያ ልብስ መግዛቷን ስታወራ ጣልቃ ገባሁ።

"የወልድያ ልብስ ደግሞ ምን ልብስ ነው?" አልሁ። "ልብስ ማለት እኔ ለሐሊማ በመርከብ የላክሁት ነው። ያዩት ሰዎች እዚሁ አሉ፤ ይመስክሩ።"

ማንም አልመሰከረም። እናቴ አንድ ነገር ላምጣ ብላ ወጣች። ወንድሜ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ዝምታውን ቅናት ነው ብዬ ጭራሽ ጨመርሁበት፤ የሐሩን ልስላሴ፣ የክሩን ብልጭታ በእጄ እያሳየሁ ተረክሁ።

"ያ የበሰበሰው ነው?" አሉ እመት ዘሃራ።

ሐሊማ ቀልጠፍ ብላ፣ "አይ አክስቴ፣ ሌላውን ነው የምትለው" አለች።

"ሌላ ደሞ መቼ መጣ?" አሉና ወዲያው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ሼህ ይማም ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ሁሉም ስለ ዝናቡ አወራ።

በማግሥቱ ሐሊማ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ተከተልኋት። "በአላህ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ" አልኋት። ጀሪካኗን አስቀምጣ ነገረችኝ።

ካርቶኑ የደረሰው በሰርጉ ዋዜማ ነው። ኢብራሂምና ሚዜዎቹ እንደታሸገ ተሸክመው እየዘፈኑ ሼህ ይማም ግቢ ገቡ። እንደ ወጉ በሽማግሌዎች ፊት ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነበር። መርከቡ ላይ ይሁን ወደቡ ላይ፣ ውኃ ገብቶበት በሙቀት ሰንብቶ ሻግቷል። የከፋዩ ቀለም ለቆ ጀለቢያውን ደም አስመስሎታል። አንዱ ሚዜ ቀሚሱን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ሲሞክር እጅጌው እጁ ላይ ቀረ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ወንድሜ እንባው መጣ።

"አባቴ ብድግ አሉ" አለችኝ ሐሊማ። "'ዝጉት' አሉ። 'ልጅቷ የላከችው ላቧን ነው፤ ባሕር ጠጣው። በሰው አገር ሆና ይህን ብትሰማ ልቧ ይሰበራል' ብለው፣ ላንነግርሽ ሁላችንንም አስማሉን።"

"አንቺስ ምን ለብሰሽ ተዳርሽ?"

"የጎረቤት ቀሚስ። ትንሽ ያጥረኝ ነበር" ብላ ሳቀች።

እኔ መሳቅ አልቻልሁም። ትናንት የመረቁኝ ሁሉ ያውቁ ነበር። ይመስክሩ ያልኋቸው ሰዎች ለኔ ሲሉ የማሉትን መሐላ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ወንድሜን በሰው ፊት ለሁለተኛ ጊዜ አዋረድሁት። ይባስ ብሎ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ "ልክክ አለላት" ሲሉኝ ከጀርባዬ እየሳቁ ይሆን የሚል ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። የሐሊማን ፊት ሳይ ማሰቤም አሳፈረኝ።

ሼህ ይማም ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። "እኔም ሰው ሁሉ እንዲዋሽ አድርጌያለሁ፤ አላህ ይማረን፣ አውፍ ይበለን። ተነሽ፣ ብርቱካን ብዪ" አሉኝ። ብርቱካኑን ተቀበልሁ እንጂ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ወደ ጅዳ አልተመለስሁም። ወልድያ ትንሽ ሱቅ ከፍቼ፣ ያን ቀን የናቅሁትን የገበያ ልብስ እየሸጥሁ ልጆች አሳደግሁ። ለሐሊማ ያማረ ቀሚስ ገዛሁላት፤ በየዒዱ ስትለብሰው ስለ ቀድሞው አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እመት ዘሃራ ግን ከዚያ ወዲህ ቤታችን ደጃፍ አልደረሱም። እናቴ ስትሞት እንኳ አልመጡም። በጉራዬ ንቀውናል ብዬ እኔም ራቅሁ።

ዘንድሮ ታመዋል ሲሉኝ መርሳ ወረድሁ። ዓይናቸው ጠፍቷል። ድምፄን ሲሰሙ በዳበሳ እጄን ፈልገው ያዙኝ።

"ከድጃ፣ አውፍ በይኝ" አሉ።

"በምኑ?"

"በዚያ በአፌ። የማልሁትን አፍርሼ በሰው ፊት አዋረድሁሽ። እናትሽን በምን ፊቴ ልያት? ስትሞት እንኳ ልቅሶዋን ሳልደርስ ቀረሁ።"

"ኧረ እኔ ነኝ እንጂ..." አልሁና እጃቸውን ሳምሁ። "አውፍ ብያለሁ፤ አንቱም አውፍ በሉኝ" አልኋቸው። እጄን ሳይለቁ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በዚያ ግብዣ ያፈርሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በራሴ እፍረት ተይዤ፣ እመት ዘሃራ በአንድ ቃል የተነሳ ከዘመድ ተለይተው ማርጀታቸውን ሳላይ ኖርሁ። ለመጠየቅ የሚያስፈልገኝ የአንድ ሚኒባስ መንገድ ነበር። አሁን የሚያሳፍረኝ ይኸኛው ነው።