ጨው በዝቶበታል በላት

ያስገቡኝ በምርጫው ግርግር ሰሞን፣ ልደታ ካለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የሽንት ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቅ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እዚያ ቦታ ሳቅ! ለካ ከእስረኞቹ አንዱ፣ ምግብ ተቀባዩ፣ ከውጭ በር ተመልሶ ቤተሰብ ያለውን እያደረሰ ነው። በክፍሉ ደንብ «ደህና ናቸው» ብሎ ማሳጠር አይቻልም። እናት ያለችው በእናት አነጋገር፣ ከነቁጣዋ ይነገራል።

የሰው ድምፅ መምሰል ስለምችል ብዙም ሳልቆይ የተቀባይነቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ደስ ብሎኝ ያዝኩት።

አንድ ጋሼ አብረውን ነበሩ፤ የጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ። ሲይዟቸው ባለቤታቸው ፊት በጥፊ ተመትተዋል። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሱም፤ ምሳ ዕቃቸው እንደመጣ ይመለሳል። ለምነን ለምነን አቃተን። ዓይናቸው ጎድጉዶ ነበር።

አንድ ቀን በር ላይ ባለቤታቸውን አገኘኋቸው። ፖሊሱ እንደ ልማዱ ያመጡትን እንዲቀምሱ አዘዛቸው። ቀመሱ። ደግመው ጎረሱ። ከዚያ እዚያው መሬት ቁጭ ብለው ግማሹን በሉት። ፖሊሱ ግራ ገብቶት ያያቸዋል። እሳቸው ክዳኑን ገጠሙና መልእክታቸውን ነገሩኝ።

ክፍል ገብቼ ጋሼ አጠገብ ተቀመጥኩ። ድምፄን ቀጠን አደረግሁ።

«ግማሹን በልቻለሁ፤ የቀረው ያንተ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ያላንተ በልቼ አላውቅም፤ ዛሬ እንዳታስጀምረኝ።»

ጋሼ ቀና አሉ። «እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። መጨረሻው ላይ ቆጣ ብላ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ፣ ቆጣ ብለው ነው አልኳቸው። ውሃ አስፈስሰው እጃቸውን ታጠቡ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ መጀመሪያ እኔን አጎረሱኝ፤ ከዚያ በሉ። ሲጨርሱ አፋቸውን ጠርገው፣ «ጨው በዝቶበታል በላት» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያን ቀን ዳቦ የሚያካፍለውም፣ ውሃ የሚያቀብለውም «ዛሬ እንዳታስጀምረኝ» ሆነ ቋንቋው። ጠያቂ የሌለው እንኳ ሚስት ያገኘ ይመስል ይደጋግመው ነበር።

ዛሬ ሰው የሌላውን ቃል እየጠቀሰ ሲደሰት፣ የራሱ ሐሳብ የለውም ወይ ብለው የሚያሾፉ አሉ። እኔ አላሾፍም። የሚወዱትን ሰው ቃል ሲናገሩ ሰውየው አጠገብ የተቀመጠ ያህል ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

በማግስቱ የጋሼን ቃል ከነኩርፊያው ለባለቤታቸው አደረስኩ።

«እውነት እንዲህ አለ?»

«እንዲሁ ነው ያሉት፣ እትዬ።»

በሩ ላይ እልልታቸውን አቀለጡት። ፖሊሱ ደንግጦ ምን እንደተገኘ ጠየቃቸው። እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ባሌ ወጤን ነቀፈው» አሉት።