ከመጋረጃው ጀርባ ያለው መስኮት

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነበር የምለው። ቶሮንቶ ውስጥ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ይጠግን ነበር። ሥራውን ያስተማሩት አንድ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ይዘን ስንኖር፣ ብሉር ጎዳና አጠገብ ባለ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ሥራ አገኘ። እኛ ኦርቶዶክሶቹም የምናስቀድሰው እዚያው ነበር፤ በኪራይ፣ እሁድ ከሰዓት፣ እነሱ ከወጡ በኋላ።

ሕንፃው ራሱ ያን ያህል አሮጌ አይደለም። አሠራሩ ግን እንግሊዞች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ይሠሩበት የነበረው ነው። ይህን የነገረኝ ጋሼ ነው፣ እራት ላይ፣ በሹካው ጫፍ ጠረጴዛው ላይ እየሣለ።

«ከዚያ በፊት የመስኮቱን ድንጋይ እንደ ቅጠል ያጣምሙት ነበር። ኋላ ተዉትና ቀጥ አደረጉት። ቀጭን የድንጋይ ዘንግ ከታች ይነሳና ሳይጎብጥ ቅስቱ ድረስ ይወጣል። ቅስቱም ሹልነቱ ቀርቶ ሰፋ፣ ዝቅ አለ። ግድግዳው ጠፍቶ ሁሉም መስታወት ሆነ።»

«አልገባኝም።»

«ሽሮ ሜዳ አድገህ? ሸማኔ ድር ሲወጥር አላየህም? ድሩ ድንጋይ ነው፣ ማጉ ብርሃን። ሃይስኩል ጨርሰህ መስኮት ካቃተህ እንግዲህ ምን አደርግሃለሁ።»

«አሳየኛ።»

«አሁን ከውጭ ስካፎልዱና ላስቲኩ ሸፍኖታል። ሲነሳ ጠዋት ይዤህ እሄዳለሁ። ከሰዓት አይሆንም፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው።»

እኛ ደግሞ ከሰዓትም አናየውም ነበር። መስኮቱ ያለው ከመንበሩ በስተጀርባ ነው፤ በእኛ ሥርዓት መቅደስ ያለ መጋረጃ አይሆንም። መጀመሪያ ሰሞን አንድ የኮሚቴ አባት መዶሻና ሚስማር ይዘው መጡ። ከዘንግ ወደ ዘንግ ገመድ ሊወጥሩ ነው።

«አባባ፣ ይሄ ድንጋይ ሚስማር አይችልም። ይሰነጠቃል» አላቸው ጋሼ።

«ታዲያ በምን እንጋርድ? በአንተ ጃኬት?»

ሰው ሳቀ። በሳምንቱ ጋሼ እግሩ ጎማ ያለው ትልቅ የእንጨት መስቀያ ሠርቶ መጣ። ቀዩ መጋረጃ እሱ ላይ ተሰቀለ። እየተገፋ ይገባል፣ እየተገፋ ይወጣል። «አዘቦት እጠግነዋለሁ፣ እሁድ እጋርደዋለሁ» እያለ ይቀልድ ነበር።

ጥር ላይ ደረቱን ታመመ። ሳንባው ነው አሉ። ስካፎልዱ የተነሳው እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። ፖርቱጋላዊው ሊጠይቁት መጥተው ነግረውታል። «ተነሳ እኮ» አለኝ፣ አፉ ላይ ያለውን ኦክስጅን ገለጥ አድርጎ። «ስወጣ እንሄዳለን።»

አልወጣም።

ፍትሐቱ ከሰዓት ነበር። ሳጥኑ መጋረጃው ፊት ተቀመጠ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወደ ቄሱ ጠጋ አልኩ።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጋረጃውን… ለትንሽ ጊዜ ቢያስነሱልኝ። መስኮቱ… እሱ የሠራው ነው።»

ቄሱ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ መጋረጃ በጊዜው ይከፈታል፣ በጊዜው ይዘጋል። ያኔ ታየዋለህ። ወንድምህም ይህን ያውቃል።»

ልክ ናቸው፤ ጋሼ ቢሆን እንዲህ ብዬ መጠየቄንም አይወድልኝም። ጊዜው ደርሶ ተከፈተ። ቀና አልኩ። ጥር ላይ ቶሮንቶ ቶሎ ይጨልማል። መስኮቱ ጥቁር ሆኗል። የእኛው ሻማ ብቻ መስታወቱ ላይ ይታያል፤ ዘንጎቹ እንኳ አይለዩም። ከዚያ ተዘጋ።

ከፋሲካ በኋላ የሥራ ሺፍቴን ቀይሬ አንድ እሁድ ጠዋት ሄድኩ። እንግሊዞቹ መሃል፣ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስለ መስኮቱ ብዙ መናገር አልችልም። ጋሼ እንዳለው ነው። ግድግዳ የለም። ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፣ በመሃላቸው ፀሐይ ይገባል፣ ጥላቸው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ድር ይመስላል። «ገባኝ» የምለው ሰው አጠገቤ አልነበረም።

እነሱ ሲወጡ ወደ ፊት ሄጄ ዘንጎቹን አንድ በአንድ አየሁ። እሱ የቀየረውን ድንጋይ ፈለግኩ። በእጄም ዳሰስኩ። አዲሱ ከአሮጌው አይለይም። የትኛው እንደሆነ ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ አብረን ስንሄድ ያሳየኛል ብዬ ነው። ሥራው ጥሩ ነበር ማለት ነው። ቢያበላሸው ኖሮ አገኘው ነበር።

ከኋላዬ የእኛ ሰዎች መግባት ጀመሩ። ዲያቆኑ መስቀያውን ከጥግ አውጥቶ ብቻውን ይታገላል፤ አንዱ ጎማ ያነክሳል።

«ያዝልኝ እንጂ፣ ምን ቆመህ ታያለህ?» አለኝ።

በአንድ በኩል ያዝኩለት። ገፋነው፣ መስኮቱ ፊት አቆምነው።